ኦርጅናል፣ ኮፒ ወይስ ስም የለሽ፦ የስድስት ዳቦ አመላላሽ ብስክሌቶች የመለዋወጫ ምርጫ በባሕር ዳር

የጉዳዩ ዳራ

በባሕር ዳር ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከተማዋ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በተንጣለለ ሜዳ ላይ ስለተቆረቆረች ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ጎን ለጎን ፔዳል ሲመታ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚህችው ከተማ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ዳቦ ቤት ሲሆን፣ ድርጅቱ በየማለዳው ዳቦ ወደ ሱቆች የሚያደርሰው በስድስት ብስክሌቶች ነው። ወጣቶቹ አሽከርካሪዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ሁለት የፕላስቲክ ሳጥን በኋላ መጫኛ ላይ አስረው ይወጣሉ፤ ጭነቱ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

ብስክሌቶቹ በአገራችን በብዛት የሚታዩት ዓይነት ናቸው፤ አካላቸው ብረት፣ ጎማቸው 26 ኢንች፣ ከፊት ሦስት ከኋላ ሰባት ጥርስ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሳም ክብ ብረቶች ያላቸው፣ ፍሬናቸውም የቸርኬውን ጠርዝ ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ብስክሌት የወጣውን ገንዘብ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጽፉ ነበር። ይህ ደብተር ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የማቀርበው አብዛኛው ነገር ግምት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ችግሩ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሦስት ችግሮች ተደራርበው መጡ። የመጀመሪያው የሰንሰለት መዝለል ነው፤ አሽከርካሪው ከቆመበት ተነሥቶ አጥብቆ ሲረግጥ ሰንሰለቱ ከጥርስ ጥርስ እየዘለለ እግሩን ባዶ ይጥለው ነበር። ሁለተኛው የኋላ ጎማ ዘንግ መሰበር ሲሆን፣ በአንድ ክረምት ብቻ ሦስት ዘንጎች ተሰብረዋል። ሦስተኛውና አሳሳቢው፣ አንድ አሽከርካሪ በዝናብ ውስጥ ፍሬን ይዞ ሳይቆምለት ከቆመ ባጃጅ ጋር መጋጨቱ ነው። ልጁ ክንዱን ተልጦ በቀላሉ ተረፈ፤ ዳቦው ግን በጭቃ ላይ ተበተነ።

ሰፈሩ ውስጥ ያለው ጎሚስታም፣ አሽከርካሪዎቹም፣ ባለቤቷም የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ነበር፤ ጥፋቱ የርካሹ ዕቃ ነው፣ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚገዛው ሁሉ ኦርጅናል ይሁን። በዚህ ውሳኔ መሠረት አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ልከው ከመርካቶ የታወቀ የጃፓን ስም ያለበት ሰንሰለትና የኋላ ጥርስ ለሁለት ብስክሌቶች፣ ሰንሰለት ብቻ ደግሞ ለሁለት ሌሎች አስገዙ። ወጪው ባለቤቷ ለዓመቱ ጥገና ከመደቡት ገንዘብ ግማሹን ወሰደ። አምስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰንሰለቶቹ እንደገና መዝለል ጀመሩ። ባለቤቷ እኔን ያስጠሩኝ በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ የጠየቁኝም ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር፦ «ልጄ፣ ኦርጅናሉም ያው ከሆነ ገንዘቤን ለምን እበትናለሁ?»

እውነቱን ለመናገር ለጥያቄያቸው ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። «እትዬ፣ መጀመሪያ ልለካው» ብዬ ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ተረከብኩ።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ መለካት

የብስክሌት ሰንሰለት ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊ ሜትር ወይም ግማሽ ኢንች ነው። ስለዚህ 24 ዘለበት አዲስ ሲሆን ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰንሰለት «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ፒኖቹና የሚዞሩበት ቀዳዳ ተበልተው በመካከላቸው ክፍተት ስለሚፈጠር ነው። በእነዚህ 24 ዘለበቶች ላይ ርዝመቱ በግማሽ በመቶ ጨምሮ ወደ 306.3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሰንሰለቱን መቀየር ይገባል፤ አንድ በመቶ ጨምሮ 308 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ግን ጥርሶቹንም ከራሱ ጋር አበላሽቷቸዋል ማለት ነው። ለዚህ ልኬት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እኔ የተጠቀምኩት ኢንች ያለው የብረት ማስመሪያ ነው።

የስድስቱም ብስክሌቶች አሮጌ ሰንሰለቶች በአንድ ጥግ ተጥለው ስለነበር አውጥቼ ለካኋቸው። ሁሉም ከ308 ሚሊ ሜትር አልፈዋል፤ አንዱ 311 ደርሷል። ስለዚህ የኋላ ጥርሶቹ በአሮጌው ሰንሰለት ልክ ተበልተው እንደ ሻርክ ክንፍ ጎብጠው ነበር። አዲስ ሰንሰለት፣ ማንም ይሥራው ማን፣ እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ ሲገጠም ዘለበቱ ከጥርሱ ጋር ስለማይገጥም ይዘላል። ሰንሰለት ብቻ የተቀየረላቸው ሁለቱ ብስክሌቶች የዘለሉበት ምክንያት ይኸው ነው። ዕቃው ሳይሆን የአቀያየሩ ቅደም ተከተል ነበር የተበላሸው።

ጥርሱም ሰንሰለቱም አዲስ የነበሩት ሁለቱ ብስክሌቶች ግን በዚህ ምክንያት ሊገለጹ አልቻሉም። እነዚህን ለመረዳት ዕቃውን ራሱን መመርመር ግድ ሆነ።

ሁለተኛው እርምጃ፦ «ኮፒ» የሚለውን ቃል መለየት

ከመርካቶ የመጣውን ሰንሰለት በቤንዚን አጥቤ በፀሐይ ብርሃን አየሁት። ማሸጊያው ላይ 116 ዘለበት ይላል፤ ስቆጥረው 112 ነበር። በሰሌዳዎቹ ላይ ያለው ስም ጥልቀት የሌለው ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ላይ የመጨረሻው ፊደል ጨርሶ አልታተመም። ሰንሰለቱን በጣቴ ላይ አንጠልጥዬ ስለቀው በሦስት ቦታ እንደ ደረቀ ጉልበት ታጥፎ ቀረ። በአምስት ሳምንት ውስጥ 307 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ስሙ የታወቀ፣ ዕቃው ግን የስሙ ባለቤት ያልሠራው ፎርጅድ ነበር።

በገበያችን «ኮፒ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ስለሚጠራ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። አንደኛው በራሱ ያልታወቀ ስም ወይም ያለ ስም የሚሸጥ፣ መጠኑን ከታወቀው ዕቃ ጋር አስተካክሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው። ሁለተኛው የሌላን ሰው ስም ሰርቆ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ «ይህ ርካሽ ነው» ይላል፣ ዋጋውም ይህንኑ ይናገራል፤ የሁለተኛው ሻጭ ግን የኦርጅናል ዋጋ አስከፍሎ ከርካሹም ያነሰ ዕቃ ሊሰጥ ይችላል። ባለቤቷ ያጡት ገንዘብ የጠፋው በሁለተኛው ነው። እኔ በበኩሌ ስሙን ሳይደብቅ የሚሸጠውን ስም የለሽ ዕቃ ከፎርጅዱ ሁልጊዜ አስበልጣለሁ፤ ቢያንስ ምን እንደገዛሁ አውቃለሁ።

ስም የለሽ ዕቃ ሊሠራ የሚችልበት ምክንያትም አለ። የብስክሌት መጠኖች ለብዙ ዓመታት በጋራ ስምምነት የጸኑ ናቸው። በብሎን የሚጠበቀው የኋላ ጥርስ ጥርሰ ብሎን ስፋቱ 1.37 ኢንች ሆኖ በእያንዳንዱ ኢንች 24 ጥርስ አለው፤ የሰባት ጥርስ ስብስብ ከአንዱ ጥርስ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ልክ የጠበቀ ማንኛውም ፋብሪካ የሚገጥም ዕቃ ማውጣት ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው መግጠም ላይ ሳይሆን በብረቱ ጥንካሬ፣ በሙቀት አያያዙና ከሳጥን ሳጥን ባለው ወጥነት ላይ ነው። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ በ1921 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ሳካይ ከተማ ሲመሠረት የመጀመሪያ ምርቱ ይኸው የኋላ ጥርስ መሆኑን ሳስብ፣ የታወቀ ስም የሚሸጠው የብዙ ዘመን ወጥነትን እንደሆነ ይገባኛል። ስሙ ሲሰረቅ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ዕቃዎቹን በሚያስከትሉት ጉዳት መመደብ

ከባለቤቷ ጋር ተቀምጠን በደብተራቸው ላይ እያንዳንዱን ዕቃ በሁለት ጥያቄ መዘንነው፤ ሲበላሽ ሰው ይጎዳል ወይ? ሲያረጅ ሌላ ውድ ዕቃ ይዞ ይሄዳል ወይ? የውስጥ ጎማ፣ የጭቃ መከላከያ፣ ደወል፣ ኮርቻና የፔዳል ጎማ ሁለቱንም ጥያቄ በ«አይደለም» ስለሚመልሱ ለስም ገንዘብ ማውጣት እንደማያስፈልግ ወዲያው ተስማማን። የፍሬን ጎማ፣ የፍሬን ሽቦና ቱቦው፣ መሪው እና የፊት ሹካው በመጀመሪያው ጥያቄ ተያዙ። ሰንሰለቱ በሁለተኛው ብቻ፣ የኋላ ጥርሱ በሁለቱም ተያዘ፤ የኋላ ጥርስ ውስጥ ያሉት መያዣ ምላሶች ባይዙ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ስለሚወርድ አሽከርካሪው ሊወድቅ ይችላልና።

በዚህ ምደባ መካከል ፍተሻው አንድ አስደንጋጭ ነገር አወጣ። በአንዱ ብስክሌት የኋላ ፍሬን ላይ የተገጠመው ቱቦ የማርሽ ቱቦ ነበር። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በውስጣቸው ግን የፍሬን ቱቦ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ሲኖረው፣ የማርሽ ቱቦ ደግሞ በርዝመቱ የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ማርሽ በልኩ እንዲዘል ቱቦው ርዝመቱን መቀየር የለበትምና ለዚያ የተሠራ ነው። በፍሬን ኃይል ሲጨመቅ ግን እነዚህ ሽቦዎች ፕላስቲኩን ቀደው ሊወጡ ይችላሉ። በዚያ ብስክሌት ላይ ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ምርጥ ስም ያለው የማርሽ ቱቦ ቢገጠምም አደጋው ያው ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ቦታ ስም የለሽ የፍሬን ቱቦ ከስመ ጥር የማርሽ ቱቦ ይሻላል።

አራተኛው እርምጃ፦ ጎን ለጎን መሞከር

ከኅዳር እስከ ግንቦት 2015 ዓ.ም. ስድስቱን ብስክሌቶች ሁለት ሁለት አድርገን ሞከርናቸው። ለሁለቱ ከታመነ አስመጪ የተገዛ እውነተኛ የታወቀ ጥርስና ሰንሰለት፣ ለሁለቱ ስም የለሽ ጥርስና ሰንሰለት፣ ለሁለቱ ደግሞ ስም የለሽ ጥርስ ከታወቀ ሰንሰለት ጋር ገጠምን። ሰንሰለት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይለካል፣ በደብተሩ ላይም ይጻፋል። ከሦስተኛው ልኬት በኋላ እኔ አልለካሁም፤ አሽከርካሪዎቹ ራሳቸው ለኩ።

የሠራው

ሰንሰለት ላይ ያገኘነው ውጤት ከጠበቅሁት የተለየ ነበር። የታወቀው ሰንሰለት መቀየሪያ ልኬቱ ላይ ለመድረስ አምስት ወር ያህል ሲፈጅበት፣ ስም የለሹ በሦስት ወር ደረሰ። ዋጋው ግን የታወቀው ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር። ስለዚህ በወር ሲሰላ ስም የለሹ ረክሷል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሰንሰለቱ በጊዜው ከተለካና ከተቀየረ ብቻ ነው፤ አንድ ወር ቢዘገይ ጥርሱን ይዞት ይሄድና ትርፉ ይጠፋል። በዚህ ዳቦ ቤት ልኬቱ ልማድ ስለሆነ ለሰንሰለት ስም የለሹን መረጥን። ልኬት በማይደረግበት ቤት ግን የታወቀውን እመክራለሁ።

የፍሬን ጎማ ላይ ክርክር አልነበረም። በረጠበ አስፋልት ላይ ምልክት አድርገን፣ ያው አሽከርካሪ ያንኑ ጭነት ይዞ በተመሳሳይ ፍጥነት ደጋግሞ እንዲቆም አደረግን። በታወቀው የፍሬን ጎማ ሰባት እርምጃ ላይ የቆመው ብስክሌት በስም የለሹ 11 እርምጃ ሄደ። የስም የለሹን ጎማ አውልቄ ገጹን ስመለከት እንደ መስታወት ደርቆ፣ በውስጡ የተሰገሰጉ የአሉሚኒየም ፍርፋሪዎች ይብረቀረቁ ነበር፤ ቸርኬው ላይም ጥፍር የሚይዝ ቦይ አውጥቷል። ይህ ዕቃ ሰውንም ቸርኬንም ይጎዳል። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ከአንድ ቸርኬ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ከዚያ ወዲህ ለስድስቱም ብስክሌቶች የታወቀ የፍሬን ጎማ ብቻ ይገዛል።

በኋላ ጥርስ ረገድ ከአራቱ ስም የለሾች አንዱ በሦስተኛው ወር መያዣ ምላሱ መሳት ጀመረ። ጭቃ ገብቶበት ሊሆን ቢችልም የታወቁት ሁለቱ በዚያው ጭቃ ውስጥ ሠርተዋል። አሽከርካሪው ሳይወድቅ ብናወጣውም ለዚህ ዕቃ እንደገና ስም የለሽ ለመግዛት ልቤ አልፈቀደም። ስናወጣውም ሌላ ችግር ገጠመን፤ መፍቻው የሚገባበት ጥርስ ብረቱ ለስላሳ ስለነበር ተፈረፈረ፣ በመጨረሻም በመሮና በመዶሻ መስበር ግድ ሆነ።

ለተራ ኩሽኔታዎች ግሪስ መቀባት ከስም የበለጠ ለውጥ አመጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ያልሠራው

የኋላ ጎማ ዘንግ መሰበር በስም አልተፈታም። በሁለት ብስክሌቶች ላይ የታወቀ ዘንግ አስገጠምኩ፤ አንዱ በሁለተኛው ወር ተሰበረ። ይህ የእኔ ስሕተት ነው፤ ከመግዛቴ በፊት ለምን እንደሚሰበር ማሰብ ነበረብኝ።

በብሎን በሚጠበቅ የሰባት ጥርስ ስብስብ ላይ የቀኙ ኩሽኔታ ከጥርሶቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ፣ ከኩሽኔታው እስከ ብስክሌቱ አካል ድረስ ያለው የዘንግ ክፍል ረጅምና ድጋፍ የሌለው ነው። ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት አለው። በላዩ ላይ 40 ኪሎ ዳቦ ተጭኖ ጉድጓድ ሲያጋጥም ያ ክፍል እንደ ዱላ ይታጠፋል፣ ደጋግሞ ከታጠፈም ይሰበራል። ይህ የአሠራር ንድፍ ችግር እንጂ የብረት ጥራት ችግር ብቻ አይደለም። ሺማኖ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የካሴት አሠራር ይህን ክፍተት የቀነሰው የቀኙን ኩሽኔታ ወደ ውጭ፣ ወደ ብስክሌቱ አካል አቅርቦ በማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ተደረገ። ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱ ወደ ፊት መጫኛ ተዛወረ፤ ይህ ምንም የመለዋወጫ ወጪ አልጠየቀም። ከባድ መንገድ ለሚሄዱት ሁለት ብስክሌቶች ደግሞ የካሴት ዓይነት የኋላ ቸርኬ ተገዛ። ገንዘቡ ስላልበቃ የተገዛው ስም የለሽ ነበር። እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከሁለቱ አንዱም ዘንግ አልሰበረም፣ አልጎበጠምም። የታወቀ ስም ያለው ዘንግ በተሳሳተ ንድፍ ላይ ሲሰበር፣ ስም የለሹ በትክክለኛ ንድፍ ላይ ቆሟል።

ያልተሳካ ሌላም ነገር ነበር። ፎርጅዱን ሰንሰለት ለማስመለስ ባለቤቷ ዘመዳቸውን ወደ ሻጩ ቢልኩም ደረሰኝ ስላልነበረ ገንዘቡ አልተመለሰም።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

«ኦርጅናል ልግዛ ወይስ ኮፒ?» የሚለው ጥያቄ ለጠቅላላ ብስክሌቱ መልስ እንደሌለው በዚህ ሥራ ተረድቻለሁ፤ መልስ የሚያገኘው በየዕቃው ሲጠየቅ ነው። ሰው የሚጥል ወይም ውድ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ለእውነተኛ ስም መክፈል ተገቢ ነው። ሁለቱንም የማያደርግ ከሆነ ርካሹን ገዝቶ በጊዜው መቀየር አያሳፍርም። ይህ አመዳደብ ለባጃጅም፣ ለውኃ ፓምፕም፣ ለልብስ ስፌት መኪናም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከመግዛት በፊት የተበላሸበትን ምክንያት መለካት ከስም ምርጫ ይቀድማል። ባለቤቷ ወደ መርካቶ የላኩት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ማስመሪያ ቢወጣ ኖሮ ሁለቱ ብስክሌቶች ሰንሰለት ብቻ ሳይሆን ጥርስም እንደሚያስፈልጋቸው በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

በማሸጊያ ላይ የተጻፈ ነገር ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። የብስክሌት ደኅንነት መለኪያ የሆነው አይ ኤስ ኦ 4210 ሹካን፣ ፍሬንንና መሪን በምን ኃይል መፈተን እንደሚገባ በዝርዝር ያስቀምጣል፤ ቁጥሩን ግን ማንም ማተሚያ ቤት በካርቶን ላይ ሊያትመው ይችላል። ከዚህ ይልቅ ዘለበት መቁጠር፣ ፊደሎቹን በብርሃን ማየት፣ ሰንሰለቱን በጣት ላይ አንጠልጥሎ የሚደርቅ ቦታ መፈለግ፣ ደረሰኝ መጠየቅና ከአንድ የታመነ ሱቅ ደጋግሞ መግዛት ይጠቅማል። ፎርጅዱን ሰንሰለት አልጣልነውም፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ለማነጻጸሪያ እንዲሆን በዳቦ ቤቱ መጋዘን በምስማር ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ጉዳይ አልተዘጋም። በስድስተኛው ብስክሌት የፊት ሹካ ብየዳ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አይቻለሁ። ባለቤቷ ሌላ ስም የለሽ ሹካ በርካሽ እንደሚገኝ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ለሹካ በዚህ አልተስማማሁም። ለጊዜው አምስቱ ብስክሌቶች የስድስቱን ሥራ እየሸፈኑ ነው፤ ስድስተኛው ከታመነ አስመጪ ሹካ እስኪመጣለት ድረስ የፊት ጎማው ወልቆ በመጋዘኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።